ለዘፈኑ መልስ ስንሰጥ

ጨለለቅቱ ከተማ፣ ቡና ማጠቢያው ጣቢያ በሠራሁበት ወቅት ከጆሯችን የማይጠፋ አንድ ዘፈን ነበር። የታጠበውን ቡና በሽቦ አልጋ ላይ አስጥተን፣ እኛ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመን እንከኑን እንለቅማለን። የአንዷ ስልክ አልጋው ጠርዝ ላይ ይንጠለጠላል፤ ዘፋኟም ቀኑን ሙሉ "ለምን ሄድክ? ምን በድዬህ?" እያለች ታለቅሳለች።

እኛ ደግሞ መልስ መስጠት ልማዳችን ነበር። "ለምን ሄድክ?" ስትል አንዷ ትቀበላለች፦ "ወጥሽ ጨው በዝቶበት!" ሌላዋ፦ "እናትሽን ፈርቶ!" ሌላዋ፦ "ማንኮራፋትሽ አላስተኛ ብሎት!" ከሁሉም የምብሰው እኔ ነበርኩ። ሳቂታ ነኝ። የተተውኩ ሴት መሆኔን ግን አንዳቸውም አያውቁም።

ከባሌ ጋር ዲላ ላይ ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ሞተር ይነዳ ነበር። አንድ ጠዋት ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ። "ምን አጠፋሁ?" ብዬ ብጠይቀው "ምንም" አለኝ። ሽማግሌ ላክሁበት። "እሷ አልበደለችኝም" ብሎ መለሳቸው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በደሌን ባውቀው ይቅርታ እጠይቅበታለሁ፤ ለ"ምንም" ምን ተብሎ ይቅርታ ይጠየቃል? ሌላ ሴት ይዞ ነው እንዳልል፣ ያኔ ማንም አልነበረችውም። ስለዚህ ራሴን መልቀም ያዝኩ፤ ወጤን፣ አነጋገሬን፣ አለመውለዴን። ነቀዝ የበላው ፍሬ ዓይኔን ጨፍኜም በጣቴ አይጠፋኝም፤ የራሴን እንከን ግን አጣሁት። መኖርም አስጠላኝ።

ኅዳር ላይ አንዲት አዲስ ሙሽራ ከጪጩ መጥታ አልጋው ማዶ ፊት ለፊቴ ቆመች። በሦስተኛው ቀኗ ዘፋኟ ያንን ጥያቄዋን ስታነሳ፣ "የኔ ባል የድሮዋን ለምን እንደተዋት ልንገራችሁ?" አለች።

"ንገሪና!" ያልኩት እኔ ነኝ፣ ከሁሉም ቀድሜ።

"አባቱ የሞቱ ጊዜ፣ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አግዳሚው ተሰብሮ ሽማግሌዎቹ ተከታትለው ወደቁ። እሷ በነጠላዋ ተሸፍና ትስቃለች! ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሰው የምታለቅስ መስሎት 'አይዞሽ' ይላታል። እሱ ግን ፊት ለፊት ተቀምጦ አያት። 'ከዚያ ወዲህ በሳቀች ቁጥር የአባቴ ሬሳ ይመጣብኝ ነበር' ይላል።"

"ታዲያ አይነግራትም?" አለች አንዷ።

"አፈረ! ሳቅሽን ጠላሁት ተብሎ ይነገራል እንዴ?"

ያቺ ሴት እኔ ነኝ። አባቱን እወዳቸው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሳለቅስላቸው ውዬ፣ ያ ሳቅ ከየት እንደመጣብኝ እስከዛሬ አላውቅም። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም። ከዚያም ኀዘኑን ላስረሳው ብዬ፣ ዓመቱን ሙሉ አጠገቡ ስቀልድና ስስቅ ከረምኩ።

ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "እሰይ፣ የእጇን አገኘች!" አለች አንዷ። ሙሽራዋ ወደ እኔ ዞራ፣ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለችኝ።

ልመልስላት አፌን ስከፍት የወጣው ሳቅ ነው። ማቆም አቃተኝ። ሻርፔን ጎትቼ አፌን ሸፈንኩ፤ ትከሻዬ ግን ይንቀጠቀጣል። ልጅቱ ፈገግታዋ እየጠፋ፣ እጇን ከቡናው ላይ አንስታ ትከሻዬን ታየው ጀመር።