ለማሽኑ የወረደ ሙሾ

በአማኑኤል ከተማ ሙሾ ማውረድ የወይዘሮ ሥራነሽ ሙያ ነው። ሥርዓቱን ጠብቀው መጀመሪያ የሟቹን ስም ይጠራሉ፤ ቀጥሎ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከዚያም ደግነቱን ይናገራሉ። ለገዛ ልጃቸው ለየሺዋስ ግን አልቅሰው አያውቁም። ጦርነቱ ከወሰደው ወዲህ ሬሳውም ወሬውም አልመጣም፤ ስሙ በሙሾ ከተጠራ ሞቱን ማመን ስለሚሆንባቸው እንቢ ብለው ቆዩ።

አንድ እሑድ ምራታቸው ሔዋን በአማርኛ የተተረጎመ፣ ስለ አንድ ልጅ መሳይ ማሽን የሚተርክ ፊልም ከፈተች። እንዲህ ያሉ ፊልሞች አንድ ግሩም ጥያቄ ያነሳሉ፦ ልጅ መሳዩ ማሽን ይፈራል፣ ይናፍቃል፣ ይወዳል፤ ታዲያ ሰው ለመባል ምን ጎደለው? በመጨረሻ ባለቤቶቹ ሊያጠፉት ሲያስተኙት «እባካችሁ!» እያለ ለመናቸው።

«ማን ያለቅስለታል?» አሉ ሥራነሽ።

«እማማ ደግሞ! ብረት እኮ ነው።» ሔዋን ሳቀች።

«ብረት ሞትን ይፈራል? እንዲህ የለመነ ሳይለቀስለት አይሄድም!»

ደረታቸውን እየመቱ ጀመሩ። ሙሾው ስም ይፈልጋል፤ ማሽኑ ግን ያለው ቁጥር ብቻ ነበር። ከአፋቸው የወጣው ስም የሺዋስ ሆነ።

«ምነው እማማ! ባሌን ገደሉብኝ!» ሔዋን ጮኸች።

ሥራነሽ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ድምፃቸውን የሰሙት ጎረቤቶች ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ የሺዋስ!» እያሉ ወደ ግቢው ይገቡ ነበር።