ወደ ኋላ የማይዞር ሞተሪኖ

ኡምኩልሱም ከሚሴ ከተማ አስፋልቱ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሞተሪኖ ትጠግናለች፤ መኪናን ከተኛበት የሚያስነሳውን ከባድ ሞተር። ሙያውን ያስያዛት ባሏ ኢብራሂም ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ሾፌሮቹ ብቅ ይሉና «ባለሙያው የለም?» ብለው ይመለሳሉ። ጎረቤቷ ጎሚስታው አብዱልጀባር የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ ክፍሏን ለጎማ መደርደሪያ ፈልጓታል። «እስከ ወሩ መጨረሻ ደንበኛ ካላገኘሽ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ» ብሏት፣ በሽማግሌ ፊት እሺ ብላለች።

በዚህ መሃል የቴክኒክ ተማሪዋ ዓፊያ ከተበተኑ መኪኖች የወጡ ሁለት ሞተሪኖዎች በማዳበሪያ ከረጢት አሸክማ መጣች። ኮምቦልቻ ላይ ተማሪዎች የሠሯቸው ሮቦቶች ሊጋጠሙ ነው፤ አንዱ ሌላውን ገፍቶ እስኪያስወጣ። የእሷ ሮቦት ባለ ጎማ የብረት ሳጥን ነው፣ የሚነዳው ሞተር ግን የለውም።

«ደግሞ እቴ ኡሙ፣ ወደ ኋላም መሄድ አለበት። ካላፈገፈገ ጥግ ያስይዙትና ያልቅለታል።»

«እሱ ምን ችግር አለው? የባትሪውን ገመድ ማገላበጥ ነው» አለች ኡምኩልሱም።

ሞተሪኖዎቹን ሳጥኑ ላይ ገጥመው ሐሙስ ጠዋት ደጅ ላይ ሞከሩት። ሻይ ሊጠጡ የወረዱ ሾፌሮች ከበው ቆሙ። ሮቦቱ መሬቱን ጭሮ ወደ ፊት ሄደ። ኡምኩልሱም ገመዱን አገላበጠች።

«ዱባ! ዱባ!» ብላ ጮኸች ዓፊያ፤ በኦሮምኛ ወደ ኋላ ማለቷ ነው።

ሮቦቱ ጭራሽ ወደ ፊት ተፈናጥሮ የአብዱልጀባርን የጎማ መፈተሻ ገንዳ ገጨው። ውሃው ጫማው ላይ ተደፋ።

«ዱባ አላችሁት፣ እንደ ዱባ ድፍን ሆኖ አረፈው!» አለ አብዱልጀባር። ሾፌሮቹ ሳቁ። «ኢብራሂም ቢኖር ይሄን አይሳሳትም ነበር» ሲል ጨመረ።

ይቺ ቃል ኡምኩልሱምን ቆረጠቻት። ኢብራሂምስ ቢሆን መቼ ወደ ኋላ አዙሮ ያውቃል? መኪና የሚነሳው በአንድ በኩል ነው፤ ገልብጡልኝ ብሎ የመጣ ሰው የለም። አሁን የምትጠይቀው የላትም።

አንዱን ሞተሪኖ ብረት ቆንጥጦ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰረችና ፈታችው። የኤሌክትሪኩን መስመር በጣቷ ተከተለች። ዙሪያውን ያለው ጥቅልልና መሃል ላይ የሚሽከረከረው አንድ መስመር ላይ ናቸው። ባትሪው ሲገለበጥ ሁለቱም አብረው ይገለበጣሉ፤ ዙሩ ያው ነው። መገልበጥ ያለበት አንዱ ብቻ።

«ያ ረቢ፣ እዚሁ ነበር እኮ!»

ጥቅልሉን ለመሃለኛው ኤሌክትሪክ ከሚያቀብሉት ካርቦኖች ለያይታ ጫፎቹን ለየብቻ አወጣች። የአሱር ሶላት ሳይደርስ የጥቅልሉን ጫፎች ብቻ አገላብጣ ባትሪ አስነካችው። ሞተሪኖው ሞርሳውን አናወጠና ወደ ኋላ ዞረ።

«ማሻአላህ!» ብላ ዘለለች ዓፊያ።

ኡምኩልሱም አልሳቀችም፤ የሞተሪኖውን ቀፎ ዳሰሰችው፣ ግሏል። «ይሄ ጥቂት ሰከንድ እንዲዞር የተሠራ ነው። ነካ አድርገሽ ታሳርፊዋለሽ። ከያዝሽው ይቃጠላል፣ አልነገረችኝም እንዳትይ።»

አብዱልጀባር በሩ ላይ ቆሟል፤ ጫማው አልደረቀም። «ደንበኛ ነው ያልኩሽ፣ አሻንጉሊት አይደለም። ወሩ ስድስት ቀን ቀርቶታል።»

«አውቃለሁ፣ አያ አብዱልጀባር።»

ከኋላው አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አንገቱን አስግጎ «ሞተሪኖዬ እምቢ ብሏል። ባለሙያው የለም?» አለ።

«አለሁ» አለች ኡምኩልሱም።

ሾፌሩ እሷን አየ፣ አብዱልጀባርን አየ።

እሷ ሁለተኛውን ሞተሪኖ ሞርሳው ላይ ማሰር ይዛለች። «እኔ ይቺን ልጨርስ፣ አንተ ሞተሪኖህን እያወረድክ ጠብቀኝ» አለችው ሾፌሩን። «እንካ፣ አሥራ አራት ቁልፍ፣ ብሎኑን ፍታበት።»

ቁልፍ የሚለውን ሲሰማ አብዱልጀባር የሱቁ መስሎት ቀና አለ።