የኔታ ሣህለ ማርያም በቀን ሠራተኞች ዝርዝር

የኔታ ሣህለ ማርያም ሞጣ በሚገኘው ካምፓሳችን ሁለት ዓመት ቅኔ ሲያስተምሩ ደመወዛቸውን የሚፈርሙት ከሣር አጫጆቹ ጋር ነበር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የቅጥር ፎርሙ «የትምህርት ደረጃ» ይላል፤ እሳቸው ደግሞ የአንደኛ ክፍል ካርድ እንኳን የላቸውም። ካርድ ለሌለው ሰው የተገኘው መደብ «የቀን ሠራተኛ» ብቻ ሆነ። እሳቸውማ ሳቁ፤ «ምን ያርጉ፣ ማታም እንደምሠራ አላወቁ» አሉኝ። እኔ ግን ተናደድሁ። እኔ ይታገስ፣ ቢቸና እግራቸው ሥር ተቀምጬ የተማርሁት፣ ማስተርስ ስላለኝ ሌክቸረር ተብዬ፣ የቤት አበል እየበላሁ የእሳቸውን ትምህርት በፓወርፖይንት አሳያለሁ። አፍሬያለሁ፤ አፍሬም ግን አበሉን አልተውሁም።

የኔታ የቢቸና ሰው ናቸው። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ከቤት ጠፍተው፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው ደብረ ወርቅ ገቡ። በየደጁ ቁራሽ ሲለምኑ ያተረፏቸው ሦስት የውሻ ንክሻ ጠባሳዎች እግራቸው ላይ አሉ፤ ሲያሳዩ የየውሻውን ባለቤት ስም ጭምር ይናገራሉ። በኋላ ቢቸና ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ኖሩ። ቁጣቸው ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎም ይበርዳል፤ ቆሎ ካቀረባችሁላቸው ደግሞ ጨርሶ አይመጣም።

ባለፈው ግንቦት ግን ሳቁ አለቀ። ባለቤታቸው እማማ ፋንታነሽ ከቢቸና መልእክት ላኩ፦ «የቤቱ ጣራ ወርዷል። ወይ ደመወዝ ይላኩ፣ ወይ ይምጡ።»

«በቀን ሠራተኛ ክፍያ ሁለት ቤት አይቆምም» አሉኝ የኔታ። «መምህር ብለው ካልቀጠሩኝ ቅዳሜ በቢቸናው አውቶቡስ መሄዴ ነው።»

እሳቸው ከሄዱ የግዕዝ ክፍላችን በእኔ ፓወርፖይንት ብቻ አይቆምም፤ ይዘጋል። ሌላ ሰው ለመቅጠር ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ አውጥተናል፤ የቅኔ ማስተርስ ያለው አመልካች እየጠየቅን! ማን ይምጣ?

ተለምኖ ተለምኖ አንድ ገምጋሚ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ዶክተር ስጦታው ነው፤ ደንቡን ከነአንቀጹ በቃሉ የያዘ፣ «አንድ ሰው ያለ ዲግሪ ካስገባን ነገ አገሩ ሁሉ ይሰለፋል» የሚል። ሁለተኛዋ የሰው ሀብት ኃላፊዋ ወይዘሮ ወይንእሸት፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ። ሐሙስ ከሰዓት ማስተማራቸውን ልናይ ሄድን።

የኔታ ተማሪዎቻቸውን ዛፍ ሥር ሰብስበው ጠበቁን። ወንበር ስላልነበረ እኛም ሣሩ ላይ ተቀምጠን ፎርማችንን ዘረጋን። ስሕተታችን ይኸው ነበር። በቅኔ ቤት ተመልካች የሚባል የለም፤ ጉባኤው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ተማሪ ነው። የኔታ የዕለቱን ትምህርት ጨረሱና «በሉ ለቆጠራ ውጡ» አሉ። ቆጠራ ማለት ተማሪው ለብቻው ሆኖ ቅኔ የሚያዘጋጅበት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ተመልሶ ለመምህሩ ይናገራል። ልጆቹ ብድግ ብለው በየዛፉ ሥር ተበተኑ። እኛ ቀረን።

«እናንተስ?» አሉ የኔታ።

«የኔታ፣ እኛ ገምጋሚዎች ነን» አለ ዶክተር ስጦታው።

«ይሁን፤ ገምጋሚስ ሳይቆጥር ምን ይናገራል? ሂድ ልጄ፣ እዚያች ግራር ሥር። ሁለት ቤት ብቻ፣ ጉባኤ ቃና።»

ተንኮል ይሁን የዋህነት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ተማሪዎቹ ያዩናል፤ እምቢ ማለት አይቻልም። ሄድን። ወይንእሸት ሰማይ ሰማይ እያየች፣ ዶክተሩ ጀርባውን ሰጥቶን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየን።

ስንመለስ ወይንእሸት «ምንም አልመጣልኝም የኔታ» አለች።

«አይዞሽ፤ እኔም መጀመሪያ ወር ሙሉ አልመጣልኝም ነበር» አሏት።

የእኔን ሲሰሙ ግን «ይሄ የቤት አበል አደንዝዞሃል» ብለው ተማሪውን ሁሉ አሳቁብኝ። ቀጥሎ ዶክተር ስጦታው ተነሣ። የመጀመሪያዋን ቤት በደንብ ተናገረ፤ ሁለተኛዋ መሐል ላይ ጠፋችበት። የኔታ ትኩር ብለው አዩት።

«የት ጀምረህ ነው የተውኸው?»

አንገቱን ደፋ። «ደብረ ወርቅ ነው የኔታ። ሦስት ወር እንደ ተማርሁ ውሻ ነከሰኝና ወደ አስኳላ ሸሸሁ።»

«የማን ውሻ?»

«የአቶ ይርሳው፣ ጥቁሩ።»

«የዚያ ቤት ውሻማ አያቱም እኔን ነክሶኛል!» አሉና ሳቃቸው ለቀቃቸው። ከዚያ አንድ ቃል ለውጠው፣ አንድ ቃል ጨምረው ቅኔውን አቃኑለትና እንደገና አስነገሩት። ተማሪዎቹ «ይበል!» አሉ። መምህሩ ያቃናው ቅኔ የተማሪው ነውና ዶክተሩ እስከ ቢሮው ድረስ ቅኔውን እየደጋገመ ሄደ።

ፎርሙ መጨረሻ ላይ ማንም አንብቦት የማያውቅ መስመር አለ፦ «ገምጋሚው በሙያው ከተገምጋሚው እኩል ወይም የበለጠ ዕውቀት ያለው መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል።» ዶክተር ስጦታው እስክሪብቶውን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሣ። ካልፈረመ ግምገማው ውድቅ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ አውቶቡስ አለ።

«ውሸት አልፈርምም» አለ። ደንብ ነዋ! ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ጻፈ፦ «እኚህን ሰው ሊገመግም የሚችል በካምፓሱ የለም። እኔ ተማሪያቸው ነኝ። መምህር ተብለው፣ በሙሉ ደመወዝና በቤት አበል ይቀጠሩ።» ፈረመ፤ ወይንእሸትም ማኅተሙን አሳረፈችበት።

ዓርብ የካምፓሱ ምክር ቤት ተጯጯኸበት። አንዱ «ታዲያ የእኛ ዲግሪ ምን ሊሆን ነው?» ብሎ ሲነሣ ዶክተር ስጦታው «ግራሯ ሥር ሂድና ሞክረው» አለው። በመጨረሻ ጸደቀ። ቅዳሜ አውቶቡሱ ያለ የኔታ ሄደ።

የሰኔ ደመወዝ ቀን የኔታን እንደ ልማዳቸው ከሣር አጫጆቹ ጋር ተሰልፈው አገኘኋቸውና ወደ እኛ ዝርዝር ወሰድኋቸው። መነጽራቸውን ረስተው ስለነበር ስማቸው አጠገብ ያለውን ጽሑፍ በጣታቸው ነክተው «ምን ይላል?» አሉኝ።

«መምህር ይላል የኔታ።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የእኔም እንደዚያው።

«ሠላሳ አራት ዓመት ስጠራበት፣ ወረቀቱ ገና አሁን ሰማ?» አሉና ፈረሙ። ዶክተር ስጦታው ከተማሪዎቹ ጋር ሣሩ ላይ ተቀምጦ እየጠበቃቸው ነበርና ቸኩለው ሄዱ።