የራሰ በራው ድርሻ

ሰፈሩ ሁሉ ወፊቱ የሚላት አክስቴ በወጣትነቷ ስመ ጥር ዘፋኝ ነበረች። ድምጿ ሲወፍርባት መድረኩን ትታ ፀጉር ቤት ከፈተች፤ ከዚያ ወዲያ የምታንጎራጉረው የደንበኞቿን ፀጉር ስታበጥር ብቻ ነበር። አንድ አቀናባሪ ያንን ሰምቶ ወደ ስቱዲዮው ጠራት።

ማይክሮፎኑ ፊት ስትቆም ግን ድምጿን እንደ ድሮው ወደ ላይ ልታወጣ ታገለች፤ ደጋግሞ ተሰነጠቀባት።

"በቃኝ፣ አርጅቻለሁ" ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

አብሯት የመጣው አውቶቡስ ነጂ ባሏ ከጥግ ተነሳ። "አንቺ ሴትዮ፣ ለደንበኞችሽ እንደምታንጎራጉሪው ዝፈኚ እንጂ!"

"እጄ ባዶ ሆኖ አይመጣልኝም።"

ኮፍያውን አውልቆ፣ ወንበር ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ። "ይኸው፣ አበጥሪኝ።"

"ምኑን? ራስህ እኮ የተላጠ እንቁላል ነው!"

"ኧረ ከጆሮዬ በላይ ጥቂት አለ፤ አታዋርጂኝ።"

ከት ብላ ሳቀች። ማበጠሪያዋን አውጥታ በዚያች ጥቂት ፀጉር ላይ እያመላለሰች፣ በወፍራሙ ድምጿ ዘፈኑን ሳታቋርጥ ተወጣችው።

ቀረጻው አልቆመም ነበርና አቀናባሪው ሳቋን መግቢያ አደረገው። ዛሬ ዘፈኑን የማያንጎራጉር የለም፤ ማን እንዳሳቃት ግን ሰው ሁሉ ይጠይቃል። በአውቶቡሱ ሬዲዮ በተሰማ ቁጥር ባሏ ኮፍያውን ያወልቃል።