ከግርጌ የነበረው ጽሑፍ

የሕዝቡ ቴሌቪዥን ጣቢያ ቴክኒሻን ሠላሳ ዓመት ማሰራጫው ላይ ሠርቷል። «እኔ ያልገባሁበት ቤት የለም» እያለ ስለሚጎርር ሰፈሩ «አንቴና» ይለዋል። የድሮው ስርጭት ሊዘጋ ሲል ጣቢያው ማንም እንዳይቀር ብሎ ቤት ለቤት ላከው።

የመጨረሻው ቤት ጆሯቸው ከደነቆረ ዘመናት ያለፋቸው የልብስ ሰፊዋ እማማ ቤት ነበር። የዲጂታል መቀበያውን ሲገጥምላቸው ለዓመታት ምስሉንም ከግርጌ ያለውንም ጽሑፍ ሸፍኖ የኖረው ነጭ ነጠብጣብ እልም ብሎ ጠፋ። እማማ ተነሥተው ከግርጌ የሚያልፈውን ጽሑፍ፣ ስፌት እንደሚፈትሹ በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያም ወደ አንቴና ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ጽሑፍ ዛሬ ነው የተጀመረው?»

በእጁ ምልክት «አይደለም» አላቸው።

«ታዲያ ስንት ዓመቱ ነው?»

አሥሩንም ጣቶቹን ዘረጋ። አልበቁትም።