የአባቴ ቀኝ እጅ እና የሚኒባሱ ፍሬን

አንድ አሮጌ ሚኒባስ ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ መሳቡ ለሌላ ሰው ምን ይረባዋል? ይህን ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ያመነታሁት በዚህ ጥያቄ ነው። ሰው አልሞተም፣ መኪናውም አልተገለበጠም። በየጋራዡ በየቀኑ የሚጠገን ብልሽት ነው። ሆኖም ያን ሰሞን በእኛ ቤት ሁላችንም የምናስበው፣ ማንም ግን የማያነሳው ነገር ይኸው ብቻ ነበር። ስለዚህ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

አባቴ ከደብረ ማርቆስ እስከ ሮብ ገበያ ከተማ በራሱ ሚኒባስ ሰው ያመላልሳል። አሥረኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ሐኪሙ ቀላል ስትሮክ ነው አለን። እጁን ማሠራት እንዳለበት ሲነገረው እናቴ ሰምና ክር አቀረበችለት፤ ክረምቱን ሙሉ መደብ ላይ ተቀምጦ ጧፍ ሲጠቀልል ከረመ። መጀመሪያ የሠራቸው ጠማማዎች ነበሩ። እናቴ ግን ሳትመርጥ ሁሉንም ለቤተ ክርስቲያን ሰጠቻቸው።

ሚኒባሱን ከመነኻሪያ ወደ ግቢያችን ያመጣልን የአባቴ ጓደኛ የሆነው መካኒክ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣

«ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አድርገህ አቁምልኝ» አለችው።

«ሊሳለም ነው?» አላት እየሳቀ።

«ባለቤቱ ሄዶ መሳለም አልቻለም። እሱ ይሳለምለት።»

ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ መኪናው እንደዚያ እንዲቆም ቀኝ ጎኑ ወደ ቤቱ መጠጋት ነበረበት። መካኒኩ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላና ወደ ፊት ብሎ እንደፈለገችው አቆመላት። እናቴ ሁልጊዜ ጠዋት ስትወጣ በመኪናው ፊት ለፊት ቆማ ታማትብ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሐኪሙ ቀስ እያልክ መንዳት ትችላለህ አለው። የእኔ ትምህርት የከሰዓት ፈረቃ ስለነበር እናቴ ጠዋት ጠዋት አብሬው እንድሄድ አደረገች። ለእሱ ረዳቱን እንዳግዝ ነው አለችው። ለእኔ ግን ወጥ ቤት ጠርታ «ዓይንሽን ከእጁ አታንሺ። ያየሽውን ለእኔ ንገሪኝ» አለችኝ።

ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ አንድ ነገር አየሁ። አባቴ ፍሬን በያዘ ቁጥር መኪናው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ግራ ማለት ደግሞ ከፊት የሚመጣው መኪና የሚያልፍበት ነው። እሱ መሪውን ጨብጦ ወደ ቀኝ ይመልሰዋል። ሲመልሰው የቀኝ እጁ ጣቶች ይነጣሉ። ጋራዥ ሁለት ጊዜ ወሰደው። ለመካኒኩ «ግራው ይዞኛል» ብቻ ነው ያለው። መካኒኩም የግራውን ጎማ ፈትቶ የፍሬን ሸራ ቀየረለት። ከዚያ በኋላ እንዲያውም ባሰበት።

አንድ ማታ እናቴ ራት ስታቀርብ «መኪናው እንዴት ነው?» አለችው።

«መኪናው ደህና ነው» አለ። ቀኝ እጁን ከገበታው ሥር አስገብቶ በግራው ሊጎርስ ፈለገና ተወው። ምን እንደሚያስብ ያን ጊዜ ገባኝ። ግራ እጁ ጤነኛ ነው፣ ቀኙ ደክሟል፤ ስለዚህ ፍሬን ሲይዝ ጠንካራው እጅ መሪውን ወደ ራሱ ይጎትተዋል ብሎ ነው። እኔም እንደዚያው መሰለኝ። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም።

መንገደኞቹም አውቀዋል። ሁሉም መታመሙን ሰምተው «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብለውት ስለነበር ፊት ለፊት የሚናገረው አልነበረም። ዝም ብለው ቀኝ በኩል መቀመጥ ጀመሩ። መነኻሪያ ላይ የቀኙ ወንበሮች ቀድመው ይሞላሉ፤ ግራው ላይ የሚቀመጠው ዘግይቶ የመጣ ሰው ነው። ረዳቱ «ኧረ ተበተኑ፣ በአንድ ወገን ዘመማችሁበት እኮ» ይላል። አንዷ ድንች ነጋዴ «አንተ በግራ ቁም፣ ይመጣጠናል» ትለዋለች። ሰው ይስቃል። አባቴም ሳቅ ይላል፤ ዓይኑ ግን በመስታወቱ ውስጥ ባዶዎቹን ወንበሮች ያያል።

አንድ ቅዳሜ ከሮብ ገበያ ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ገብስ የጫኑ አህዮች መንገድ ገቡ። አባቴ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው ወደ ግራ ዞሮ ከታች በሚመጣ የጭነት መኪና ፊት ገባ። የጭነቱ ሹፌር ዳር ይዞ ለጥቂት አለፈን። ጋቢና ከአባቴ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ ቄስ መስቀላቸውን ከእጃቸው ሳያወርዱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ልጄ፣ እጅህ ገና ነው እንዴ?» አሉት።

«ገና ነው መሰለኝ፣ አባ» አላቸው።

በአፉ ሲናገረው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰው አውርደን ስንጨርስ ወደ ቤት አልሄደም፤ በቀጥታ ጋራዥ ገባ።

«ዛሬ አንተ ንዳው» አለው መካኒኩን።

«ለምን? መንጃ ፈቃድህን ተቀማህ?»

«ንዳው አልኩህ። ላንተ ቀጥ ብሎ ከቆመ ሰኞ የሚሸጥልኝ ደላላ እጠራለሁ።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ መጥረጉን አቁሞ አየው። ከዚያ ቁልፉን ተቀበለ።

ከከተማው ወጣ ብሎ መኪና ያልበዛበት አዲስ አስፋልት አለ። አባቴ ጋቢና ተቀመጠ፤ ሁለቱን እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። መካኒኩ ፍጥነት ጨምሮ ፍሬን ያዘ። መኪናው ወደ ግራ ሄደ። የመካኒኩ ክንድ ደግሞ ጎማ ሲያነሳ የኖረ ወፍራም ክንድ ነው።

«ድገመው» አለ አባቴ።

ደገመው። ወደ ግራ ሄደ።

«አሁን መሪውን ልቀቀው።»

«ልጅህን ጭነን እኮ ነው።»

«ቀስ ብለህ። ልቀቀው።»

መካኒኩ እጆቹን ከመሪው ትንሽ ከፍ አድርጎ ፍሬኑን ቀስ ብሎ ረገጠ። የማንም እጅ ሳይነካው መሪው ራሱ ወደ ግራ ዞረ። አባቴ መሪውን ትኩር ብሎ አየና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ብቻ ይታየኝ ነበር።

መካኒኩ ወርዶ በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዝኩትን ውሃ ተቀበለኝና በግራው የፊት ጎማ ብረት ላይ ጠብ አደረገ። ቸስ ብሎ ተነነ። በቀኙ ላይ ሲያደርግ ውሃው እንዳለ ወደ መሬት ወረደ።

«ሁለት ጊዜ የፈታሁት ደህናውን ነው» አለ። «ግራው ይይዛል፤ ቀኙ ጨርሶ አይሠራም። ለዚህ ነው ወደሚይዘው የሚዞረው። ግራው ነው ስትለኝ እኔም አመንኩህ።»

«መካኒኩ ማን ነው?» አለ አባቴ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ጋራዥ ተመልሰን በክሪክ አነሱት። የቀኙን ሸራ የሚገፋው ፒስተን ዝጎ ቦታው ላይ ተጣብቋል፤ ውሃ የሚከለክለው ላስቲክ ተሰንጥቆ ውስጡ ቡናማ ውሃ ነበር።

«ይሄ ውሃ ላይ የከረመ ነው። የት ነበር የ…» ብሎ መካኒኩ አቋረጠ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ፣ «ያቆምኩት እኔ ነኝ። ከጣራችሁ ጠፈጠፍ ሥር። ፊቱን ወደ…»

«ተው» አለው አባቴ። «እዚሁ ይቅር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እናትሽ እንዳትሰማ» አለኝ።

መካኒኩ ፒስተኑን ቀይሮ፣ የፍሬን ዘይቱን ሞልቶ፣ አየሩን አስወጥቶ መለሰልን። አዲሱ አስፋልት ላይ አባቴ ራሱ ነዳው። ፍሬኑን ሲይዝ መኪናው መስመሩን ሳይለቅ ቆመ። እንደገና ያዘው፤ አሁንም ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀኝ እጁን ከመሪው አንስቶ ገልበጥ አድርጎ መዳፉን አየው።

ማታ እቤት ስንደርስ እናቴ በሩን ከፈተች። አባቴ ሚኒባሱን ከቤቱ ግድግዳ አርቆ፣ ለመተላለፊያ ትንሽ ቦታ ብቻ ትቶ አቆመው፤ ፊቱን ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አደረገው።

«ምን ነበረው?» አለችው።

«እሱም አብሮኝ ታሞ ነበር።»

«እኔስ ለዚህ አይደል ፊቱን ወደዚያ ያስደረግሁት» አለችና የግቢውን መብራት ለማጥፋት ቀድማን ገባች። አባቴ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ለመጨረሻ ጊዜ አብሬው ሄድኩ። መንገደኞቹ እንደለመዱት ቀኝ ቀኙን ያዙ። ስንመለስ በዚያው ቁልቁለት ላይ ከብቶች ገቡበትና ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ባለበት መስመር ቆመ። ድንች ነጋዴዋ ዘንቢሏን አንስታ ወደ ግራው ወንበር ተሻገረች። ሌላም ሰው ተከተላት። አባቴ በመስታወቱ አያቸው። ቤት ስደርስ እናቴ እንደ ሁልጊዜው ወጥ ቤት ጠርታ ስለ እጁ ጠየቀችኝ። «እጁ ደህና ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ አብሬው እንድሄድ አላዘዘችኝም። ዕለቱ የነቢያት ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ፣ ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር።