የዓይናለምን ምርቃት የወሰደው ባል

ላቀው ክፉ ሰው አልነበረም። መካነ ብርሃን በምትባል የደጋ ከተማ ሒሳብ ያስተምራል፤ ተማሪ ሲያጠፋ ከመቅጣት ይልቅ መምከር ይወዳል፤ የጎረቤት በግ ገደል ቢገባ ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው። ሚስቱ ዓይናለምም እዚያው አብራው ባዮሎጂ ታስተምራለች። ትዳራቸው ገና ለጋ ነው። ለሰፈሩ ሰው ግን ሁለቱ እኩል መምህራን አልነበሩም፤ እሱ «መምህር ላቀው» ሲሆን እሷ «የመምህር ላቀው ሚስት» ናት።

ሁለቱም ጎንደር ወርደው ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አመለከቱ። ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ለመግቢያ ፈተናው ከየአገሩ የሚመጣው ሰው አዳራሹን ሞልቶ ይፈስሳል፤ በየትምህርቱ የሚወሰደው ግን አንዲት ሚኒባስ አይሞላም። ክረምቱን ሙሉ አንድ መጽሐፍ መካከላቸው ዘርግተው አጠኑ። ፈተናው ለሁሉም ሒሳብ ነበረበትና፣ እሱን የሚያስረዳት ላቀው ነበር። መጀመሪያ ቀስ እያለች ትከተለው ነበር፤ ኋላ ግን እሱ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ መልሱን ትናገር ጀመር። «ጎበዝ» ይላታል በአፉ። በሆዱ ግን እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ መስማት አስጠላው።

ውጤቱ የወጣ ዕለት ኔትወርክ ፍለጋ ብቻውን ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደ። አጥሩን ተደግፎ በስልኩ መጀመሪያ የራሱን ስም ፈለገ፤ የለም። እንደገና ፈለገ፤ የለም። ከዚያ የእሷን ፈለገ። የእሷ ወዲያው ተገኘ።

ሲመለስ የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ቢያዝን ከገብስ ማሳቸው ዳር ቆመው አዩት።

«መምህር! ሸጋ ወሬ አለ?»

«አለ አያ። ከቤታችን አንድ ሰው አልፏል።»

«ይኸው! መቼም ያን የመሰለ ጭንቅላት ወድቆ አይቀር!» አሉና ጉንጩን አገላብጠው ሳሙት።

ላቀው ሊያርማቸው አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋው።

ለዓይናለም ግን እውነቱን ነገራት፤ መሬት መሬት እያየ። እልል ልትል እጇን ወደ አፏ አደረገች፤ ፊቱን ስታየው አወረደችው። «አንተስ?» አለችው።

«የኔ ይደርሳል» ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

ሳይመሽ ሰው መጣ። አያ ቢያዝን ጠቦት እየጎተቱ፣ ጎረቤታቸው እናኑ እንቁላል በሰፌድ ይዛ፣ መሪጌታ ወልደኢየሱስ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ገቡ። ላቀውን መሐል ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉበት።

«እሾህ አይውጋህ፣ እንቅፋት አይምታህ!»

«አሜን!»

«በመምህሮችህ ፊት ሞገስ ይስጥህ! ስምህን ከአዋቂዎች ያስቆጥረው!»

«አሜን!»

ዓይናለም የጠላ ማሰሮ እንደያዘች ከበሩ ዘንድ ቆማለች። አሁን ይናገራል፣ ሲጨርሱ ይናገራል እያለች ጠበቀችው። ላቀው ግን ካልሲውን እያየ «አሜን» አለ። እሷም ባሏን በሽማግሌ ፊት ማዋረድ አልሆነላትምና ጠላውን ቀዳች።

ውሸት እንደ ዱባ ሐረግ ነው፤ አንድ ቦታ ከተከሉት አጥር ይሻገራል። ሰው «መቼ ነው የምትሄድ?» ሲለው፣ «እሷ ትቅደም፣ እኔ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ነኝ» ይላል። አብረውት የሚያስተምሩት እውነቱን ያውቁ ነበር፤ በባልና ሚስት መካከል አይገባም ብለው ዝም አሉ።

ዓይናለም ልትሄድ መኪና ላይ እንደወጣች እናኑ አዲስ መጥረጊያ በመስኮት አቀበለቻት። «እሰይ፣ እንዲህ ነው ሚስት! ቀድመሽ ሄደሽ ቤቱን አሳምሪለት። የተማረ ሰው ቆሻሻ አይወድም።»

ዓይናለም መጥረጊያውን ጭኗ ላይ አጋድማ ወደ ባሏ ጎንበስ አለች። «ላቀው፣ ያለ ምርቃት ነው የምትሰደኝ?»

ሞተሩ ይጮኻል። ያልሰማ መሰለ።

ጎንደር ስትደርስ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ኤሌኒ ከምትባል የክፍሏ ልጅ ጋር ቤት ተከራየች። ስትደውል ወሬዋ ሁሉ አዲስ ነው። ስለ ላቦራቶሪው፣ ስለ ማይክሮስኮፑ፣ አምሐ ስለሚባለው ጎበዝ የክፍላቸው ልጅ ትነግረዋለች። «አምሐ ቁጭ ብሎ አስረዳን» ትላለች። ላቀው «ሸጋ ነው» ይላል፤ ስልኩን ሲዘጋ ግን ነገሩ ይከነክነዋል። ለእሷ ማስረዳት የእሱ ሥራ ነበር። ያ ልጅ ስንት ዓመቱ ይሆን? ረዥም ይሆን? እንዲህ ያለውን እያሰበ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈውን እኩሌታ ያበላሻል፤ ተማሪዎቹ ያርሙታል።

ለጥምቀት ወረደ። በማግስቱ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ላሳይህ ብላ ወሰደችው። እሷ መታወቂያዋን አሳይታ እንደ ቤቷ ገባች። እሱን ግን ጥበቃው «የማን እንግዳ ነህ?» አለው።

«የኔ ነው» አለች ዞር ብላ።

በፍቅር ነበር ያለችው። ላቀው ግን «እንግዳ» የሚለውን ቃል ጫማው ውስጥ እንደገባ ጠጠር መካነ ብርሃን ድረስ ይዞት ተመለሰ።

ጥር ሊያልቅ ሲል እያለቀሰች ደወለች። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ወጥቶ ከክፍሉ ዝቅተኛውን ያገኘችው እሷ ናት። የሚመጣውን ካበላሸች ትሰናበታለች።

«ትቼው ልምጣ ይሆን?» አለችው።

የላቀው ልብ ዘለለ። ከሐዘን አልነበረም። ትመጣለች፤ እንደ ድሮው እንሆናለን፤ ያ መታወቂያ ይቀራል፤ አምሐም ይቀራል። «ነይ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከዚያ ሚስቱ እያለቀሰች እሱ ደስ እንዳለው አወቀ፤ አልጋው ላይ የማያውቀውን ሰው ተኝቶ እንዳገኘ ሰው ደነገጠ።

«ልምጣ ወይስ ልቅር?»

«እያሰብሁ ነው።»

«ኤሌኒን አገር ተሰብስቦ መርቆ ነው የሸኛት። እኔ መጥረጊያ ታቅፌ ነው የመጣሁ።» አፍንጫዋን ሳብ አደረገች፤ ከልቅሶዋ መሐል ሳቅ መጣባት። «ያዕቆብ እንኳ የወንድሙን ምርቃት ለመውሰድ ደክሟል፣ የፍየል ቆዳ ለብሷል። አንተ በካልሲህ ቁጭ ብለህ ወሰድኸው!»

እሱም ሊስቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም። «አትምጪ» አላት። «እስከ እሑድ ብቻ ታገሺኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ነበር። ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ተቀምጦ ዳቦ ሲቆርስ ላቀው ብድግ አለ።

«ምነው ቆምህ መምህር? ልትሰናበተን ነው?» አሉ አያ ቢያዝን።

«አይደለም አያ። ፈተናውን ያለፍሁት እኔ አይደለሁም፤ እኔ ወድቄያለሁ። ያለፈችው ዓይናለም ናት። እያወቅሁ ምርቃቷን ወሰድሁባት።»

ቀድማ የተናገረችው እናኑ ናት። «ኧረ እኔን ይድፋኝ! እኔ እኮ መጥረጊያ አስይዤ ሰደድኋት!»

«ያን ጊዜ ምነው ዝም አልህ?» አሉ አያ ቢያዝን።

«ቀንቼ ነው።»

«በማን?»

«በሚስቴ።»

«እኔ ሰው በጎረቤቱ በሬ ሲቀና እንጂ በገዛ በሬው ሲቀና አይቼ አላውቅም!» አለ ከወዲያ አንዱ። ግቢው በሳቅ ተሞላ። ላቀው ቁልቁል ሳያይ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ።

«ምርቃቱን መልሱላት» አለ።

«ምርቃት ጠቦት መሰለህ?» አሉ አያ ቢያዝን። «እግሩን አስረን ካንተ ቤት ወደሷ ልንጎትተው? ጠቦቱንስ በልተኸዋል። ላንተ የተባለው ላንተው ይሁን። ለሷ ሌላ አለን፤ ምርቃት አላለቀብንም።»

«እሷ ጎንደር፣ እኛ እዚህ!» አለች እናኑ።

መሪጌታ ወልደኢየሱስ ጺማቸውን አሻሹ። «የመቶ አለቃው ጌታን ‹ቃል ብቻ ተናገር› አለው እንጂ ‹ቤቴ ካልገባህ› መች አለው? ስልኩን አምጣው።»

ከቅጥሩ ውጭ፣ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ከፍታ ወጡ። ላቀው ደውሎ ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ወደ ላይ ያዘው። ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው መዳፋቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ፤ ሩቅ ሆኖ ያያቸው ሰው ምን ነካቸው ሳይል አይቀርም።

«ምንድን ነው የምትማረው?» አሉ አያ ቢያዝን በሹክሹክታ።

«በዓይን የማይታዩ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን።»

«ልጄ ዓይናለም! ትሰሚናለሽ?» ብለው ጮኹ።

«አቤት አያ! እሰማለሁ!»

«የማይታየውን ያሳይሽ!»

«አሜን!» አለ ስልኩ።

«ያጠናሽው ከልብሽ አይጥፋ! ለፈተና የያዝሽው ብዕር አይደናቀፍ!»

«አሜን!»

ድምፁ የእሷ ብቻ አልነበረም። ሰብሰብ ብለው ሲያጠኑ ነበርና ኤሌኒም አለች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ «አሜን» ይል ነበር። አምሐ ነው፣ አለ ላቀው በልቡ። እሑድ ቀን እዚያ ምን ይሠራል? ለቅቆት የሄደ የመሰለው ቅናት ተመልሶ ደረቱ ላይ ተቀመጠ። ክንዱ ዛለና ስልኩ ወደ ትከሻው ወረደ።

«ምነው መምህር፣ ከፍ አድርገው እንጂ!» አሉት አያ ቢያዝን። «ገና አልጨረስንም።»

ላቀው ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ከፍ አደረገው።